ከሐሙስ ያላለፈች ሳጥን

«ታድሷል፣ ማዘር» ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። የራሴን ሞኝነት አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ በሌሎች ስስቅ አንባቢ እንዳይታዘበኝ ብዬ ነው።

«ታድሷል» የሚለኝ ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት ያለው ሰውዬ ነው። ሃምሳውን ያለፈ፣ ቦርጩን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ የሚቆም፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ አራዳ ነው። በእሱ ቤት ከምኒልክ አደባባይ ወዲያ የሚኖር ሰው ሁሉ ፋራ ነው። ማዘር የሚለውን ቃል አልወደውም፤ የመኪና ዕቃ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ «እትዬ ብትለኝ ምን አለ?» ብዬው «እሺ፣ እትዬ ማዘር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት።

ጉዳዬ የቤት ጉዳይ ነበር። እኔና ታላቅ እህቴ አራዳ ውስጥ የኖርንበት ግቢ ለመንገድ ተፈለገና ፈረሰ፤ በምትኩ ከከተማው ዳር ዕጣ ወጣልን። ዕጣው አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት አለው ተብሎ ነበር። እውነት ነው፣ የሊፍቱ ቀዳዳ ከምድር እስከ ጣራ ተሠርቷል፤ ሊፍቱ ብቻ ነው ያልመጣው። እህቴ ዳሌዋን ከታመመች ቆይታለች። ዕቃ ያጓጓዙልን አራት ሰዎች በእንጨት ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው አወጧት። ላይ ደርሰው ሲያሳርፏት «እንደ ታቦት አወጣችሁኝ» አለቻቸው።

ከስምንት ወር በኋላ ደግሞ «ታቦት እንኳ ለጥምቀት ይወርዳል» አለች። ስለ ደረጃው የተናገረችው በቃ ይህን ነው። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የመውጫ ጫማዋን ትወለውልና ከበሩ ጀርባ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ስለዚህ ምድር ቤት እንዲቀየርልን አመለከትኩ። ማመልከቻውን የጻፉልኝ በዚሁ ኢንተርኔት ቤት ጥግ የራሳቸውን ወንበር ይዘው የሚውሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው። ዕድሜያቸው የኔው ነው፤ ኮታቸው ከሁለታችንም ይበልጣል። ጽሑፉን ሲያነቡልኝ «እንባዬን እያፈሰስኩ» የሚል ሰማሁ።

«ይህን ይሰርዙልኝ» አልኳቸው። «ማንም አላፈሰሰም።»

«እሜቴ፣ ማመልከቻ ያለ እንባ ማለት ወጥ ያለ ጨው ማለት ነው።»

«እህቴ ጨው ተከልክላለች።»

እያጉረመረሙ ሰረዙት።

ማመልከቻውን ሥላሴ አካባቢ ካለው የቤቶች ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ውጤት የሚገለጸው በድረ ገጽ ብቻ ነው፣ ስሙ የወጣለት ሰው በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ቀርቦ ካልፈረመ ቤቱ ለተከታዩ አመልካች ይተላለፋል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዘበኛው ስቆም አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ዘመናዊ ሆነናል እናቴ። መመላለስ ቀርቷል፤ ከቤትዎ ሆነው ይዩት» አለኝ።

«ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው» አልኩት።

«እንዲያውም ኔትወርክ ከላይ ጥሩ ነው።»

የኔ ስልክ ቁልፍ ያለው ነው። ይደውላል፣ ይደወልለታል፤ ሌላ አመል የለውም። ስለዚህ መመላለስ ቀርቷል ከተባልኩበት ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ፒያሳ መመላለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ሐሙስ ቀን ነበር። ሰውዬው ገጹን ከፈተልኝ፤ የስም ዝርዝር አለ፣ የኔ ስም የለበትም። ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ዓርብ እየሄድኩ እቆማለሁ፤ እሱ ከላይ ያለችውን ክብ ቀስት ይነካና «ታድሷል፣ ማዘር» ይለኛል፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ የለሁም፤ እመለሳለሁ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብቼ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። በእኛ ቤት «ታድሷል» ትልቅ ቃል ነው። መታወቂያ ይታደሳል፣ ውል ይታደሳል፣ ፈቃድ ይታደሳል፤ ታደሰ ከተባለ አንድ ሰው ከወንበሩ ተነሥቷል፣ አይቷል፣ ማኅተም መቷል፣ ቀን ጽፏል ማለት ነው። እናም ሰውዬው ቀስቷን ነክቶ «ታድሷል» ሲል፣ የሆነ ነገር እስከ ሥላሴ ደርሶ፣ ጠይቆ የተመለሰ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከባንኮኒው ሥር አላለፈም።

የነቃሁት አንድ ማክሰኞ ነው። መነጽሬን ቀይሬ ነበርና እስከዚያ ቀን ልብ ያላልኩትን፣ ከገጹ አናት ላይ በቀይ የተጻፈውን አየሁ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አልኩ።

«ማክሰኞ ነው ማዘር። ምነው ጠፋብሽ?»

«ይሄ ሐሙስ ይላል።»

«የቢሮ ነገር፤ አርፍዶ ነው የሚነቃው።»

«ሐሙስነቱስ ይሁን። ቀኑ የሦስት ሳምንት ነው። መጀመሪያ የመጣሁበት ሐሙስ ነው።»

ቦርጩን ከባንኮኒው አነሣ። ቀስቷን ነካት፤ ሐሙስ። ኤፍ ፋይቭ የምትባለውን ቁልፍ ደበደባት፤ ሐሙስ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው፤ እየተንደፋደፈ ተነሣና ሐሙስን ይዞ መጣ። ወደ ሌላው ኮምፒውተር ሄደ፤ እሱም ሐሙስ ነው። «ሸወዱን እንዴ?» አለ፤ ማን እንደሸወደው ግን አላወቀም።

በዚህ ጊዜ ማመልከቻ ጸሐፊው ከጥጋቸው ተነሡ። ልጃቸው የሰጠቻቸው ትልቅ ስልክ አለቻቸው፤ ስልኳን የሚያወጧት ሰው ሲያያቸው ነው። አወጧት፣ ነካኳትና እንደ ዳኛ ፈረዱ።

«ክርክሩ አልቋል። የኔም ስልክ ሐሙስ ነው የሚለው። ሦስት ምስክር ቀርቧል። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ሐሙስ ላይ ቆሟል።»

«ስልክዎ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከየት ነው?» አልኳቸው።

ሰውዬው መለሰላቸው። «ከኔ ነዋ! ካርድ ገዝተው ያውቃሉ? የኔን ዋይፋይ ሲጠቡ ነው የሚውሉት።»

«ሦስቱም ምስክሮች ከአንድ ቤት ነው የሚበሉት» አልኩ። «ምስክርነታቸው አይያዝም። ከደጅ ያለ ይጠየቅ።»

ከደጅ የሚጠየቅ ስልክ ግን አልነበረም። የጸሐፊው ስልክ ከበሩ ሁለት እርምጃ ከወጣች ጌጥ ናት። የሰውዬው ስልክ ደግሞ በዚያ ሰዓት ወግ ላይ ነበረች፤ ማሽኖቹን የተከለለትን ባለሙያ ደውሎ አግኝቶታል። የባለሙያው ድምፅ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ካሽ ነው» አለ ባለሙያው፣ ገና ሳይጨርስለት።

«ምን?»

«ካሽ ነው ችግሩ።»

ሰውዬው ቀላ። «ካሽ አይደል እንዴ የሰጠሁህ! እዚሁ ባንኮኒ ላይ ቆጥሬ! እኚህ ጋሼ ምስክሬ ናቸው!»

«ገንዘቡን አላልኩም፣ ካሹን ነው የምልህ። ፕሮክሲው ውስጥ ያለውን።»

ጸሐፊው ምስክር ተብለው ስለተጠሩ ኮታቸውን ቆለፉ። ባለሙያው ሁለት ዓይነት ካሽ እንዳለ ለማስረዳት ብዙ ደከመ፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ ድረስ ሙሉ በሙሉ ያመነው አይመስለኝም። እኔ የገባኝን ልጻፍ። ከባንኮኒው ሥር፣ ዳንቴል የለበሰች፣ ባለሙያው ፕሮክሲ የሚላት አንዲት ሳጥን አለች። ዳንቴሉን እስከዚያ ቀን ሳየው የቡና ስኒ የሚቀመጥበት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቤት ወደ ውጭ የሚሄድ ጥያቄ ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። አንድ ሰው አንድ ገጽ ሲጠይቅ ትሄድና ታመጣለች፤ ግን ቅጂውን እሷ ዘንድ ታስቀራለች፤ ካሽ የሚሉት ይህን ቅጂ ነው። ሌላ ሰው ያንኑ ሲጠይቅ አትሄድም፤ ከመሳቢያዋ ትሰጠዋለች። ይህ ለፍጥነትና ለቁጠባ ነው አለ ባለሙያው። ቅጂው እስከ መቼ ይቀመጥ ለሚለው ደግሞ እሱ ራሱ አንድ ወር ብሎ ሞልቶላታል።

«ኮንትሮልን ይዘህ ኤፍ ፋይቭ ተጫን» አለ። «ብቻውን ስትጫነው "የተለወጠ ነገር አለ?" ነው የሚለው። ኮንትሮል ይዘህ ስትጫን ግን "ያለሽን ተይው፣ ከምንጩ አምጪ" ማለት ነው።»

ሰውዬው ኮንትሮልን እንደ ጠላት አንቆ ተጫነ። ሐሙስ።

«ሐሙስ ነው!»

ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዎ... ለካ እሱን እንዳትሰማ አድርጌያታለሁ። ባለፈው ደንበኞች ቁልፉን እየደበደቡ ኢንተርኔቱን አዘገዩብኝ ስላልከኝ፣ ከምንጩ አምጪ ሲሏት ሰምታ እንዳልሰማች እንድትሆን ነው ያዘዝኳት።»

«ታዲያ አጥፍቼ ላስነሣት?»

«ብታጠፋትም የያዘችውን አትረሳም። ነገ መጥቼ አስተካክላለሁ።»

እኔ ባንኮኒው ፊት ቆሜ ሳጥኗን አያት ነበር። በደንብ አውቃታለሁ። አብረን ሠርተናል ማለት ይቻላል።

መዝገብ ቤት እያለሁ ፋይሎቹ ሁለተኛ ፎቅ ነበሩ፣ እኔ ምድር ቤት። ባለጉዳይ መጥቶ ቁጥሩን ሲነግረኝ ትናንት የጠየቀ ከሆነ አልነሣም፤ ትናንት የሰጠሁትን መልስ እሰጠዋለሁ። «አልመጣም፤ ነገ ይመለሱ።» ውሸት አይደለም፤ ትናንት በእርግጥ አልመጣም ነበር። የጡረታ ፋይል የሚከታተሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ሲመላለሱ እንዲሁ መለስኳቸው። ቢቆጡም፣ ቢለምኑም፣ ባንኮኒውን ቢመቱም መልሴ አንድ ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን መጡና ተረጋግተው ሌላ ቁጥር ነገሩኝ። ያን ቁጥር ሰምቼው አላውቅም፤ መልስ ስላልነበረኝ ተነሥቼ ፎቅ ወጣሁ። የተባለው ፋይል አጠገብ የሳቸው ፋይል ተቀምጧል፤ ከተፈረመበት አሥር ቀን አልፎታል፤ አቧራ ጀምሮታል። አውርጄ ሰጠኋቸው። ይቅርታ አልጠየቅኩም። በዚያን ጊዜ መዝገብ ቤት ይቅርታ አይጠይቅም ነበር።

«ቁጥሩን ለውጡባት» አልኩ።

«ምን አልሽ ማዘር?»

«ያንኑ እየጠየቃችኋት ከመሳቢያዋ ለምን ትነሣለች? የማታውቀውን ቁጥር ንገሯት። መልስ ስታጣ ተነሥታ መሄድ ግድ ይሆንባታል።»

ጸሐፊው ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። ከስልኩ ግን «አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ» የሚል ተሰማ። «እውነት ነው! ከአድራሻው መጨረሻ ላይ ጥያቄ ምልክት አድርግና የፈለግከውን ቁጥር ጨምር። ጽሕፈት ቤቱ ጋ ሲደርስ ያው ገጽ ነው፤ ለሳጥኗ ግን ሰምታው የማታውቀው አዲስ አድራሻ ነው። ማነው ይሄን ያለው?»

«ማዘር ናት።»

«የት ነው የተማረችው?»

«መዝገብ ቤት» አልኩት እኔው።

ሰውዬው በአንድ ጣት ጥያቄ ምልክት ጻፈ፣ ሰባት ቁጥር ጨመረ፣ ተጫነ። ገጹ ነጭ ሆኖ ትንሽ ቆየ። ሳጥኗ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥታ መሄዷ ነው። ከዚያ ከላይ በቀይ ማክሰኞ የሚል መጣ። ዝርዝሩ ረዝሟል። ከታች አምስተኛው መስመር ላይ የኔ ስም፣ የፋይል ቁጥሬ፣ «ምድር ቤት ተፈቅዷል» የሚል። ከጎኑ የመፈረሚያው የመጨረሻ ቀን። ያው ማክሰኞ።

ሰዓቱ አሥር ሆኗል። ሰውዬው «ታድሷል» አላለም። ወረቀቱን አትሞ ሰጠኝና «ማዘር፣ ላሽ በይ፤ ታክሲ ያዢ» አለኝ። ጸሐፊው «እንባው ቢኖር ኖሮ ገና ያን ጊዜ ይጠሩዎት ነበር» አሉኝ። መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረኝም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ያው ዘበኛ ቆሟል። «በድረ ገጽ ነው እናቴ» ብሎ ጀመረኝ። «ድረ ገጹ ነው የላከኝ» ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፤ ማኅተም ፈልጎ አጣ፤ ቢሆንም አስገባኝ።

ውስጥ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። የፋይል ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

«አልመጣም እናቴ። ነገ ይመለሱ።»

ቀና አላለችም፤ ወደ መደርደሪያውም አልዞረችም። ንግግሯን አወቅሁት፤ አነጋገሩ፣ ቃላቱ፣ እናቴ የሚለው ሳይቀር የኔ ነበር። በደንብ ወርሳኛለች።

«ነገ ቀኑ ያልፋል» አልኳት።

«ካልመጣ ምን ላድርግልዎ? ጠዋትም የመጣ አልነበረም።»

ወረቀቱን ላሳያት እችል ነበር። ዘበኛው ግን ማኅተም ሲፈልግ አይቻለሁ፤ ክርክር ከተነሣ አሥራ አንድ ሰዓት ይሞላል፣ እሷም ትቆልፋለች። መነጽሬን አስተካከልኩና «ይቅርታ ልጄ፣ ተሳስቼ ነው የነገርኩሽ። የቁጥሩ መጨረሻ ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው» አልኳት። ሦስት የማን እንደሆነ አላውቅም።

ስልኳን አስቀመጠች። ወንበሩ ጮኸ። ከኋላ ወዳለው መደርደሪያ ስትገባ ተከትዬ «እግረ መንገድሽን፣ ከሱ በፊት ያለው ላይ የማን ስም እንደተጻፈ እይልኝ» አልኳት።

ከመደርደሪያዎቹ መሀል የኔ ስም እስከ አያቴ ድረስ ሲነበብ ሰማሁ።

ፋይሉን ይዛ ወጣችና አየችኝ። «እያሾፉብኝ ነው?»

«ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ።»

«ኧረ! ታዲያማ ያውቁታል። መደርደሪያው ሩቅ እኮ ነው።»

«የኔ ፎቅ ላይ ነበር» አልኳት።

ሳቀች። ፈረምኩ። ስወጣ፣ የዚያ መጨረሻው ሦስት የሆነ ፋይል ባለቤት ምናልባት ቢመጣ ፋይሉ እዚያው እንዳለ እንድትነግረው አደራ አልኳት። ትንገረው አትንገረው አላውቅም።

ባለሙያው በማግሥቱ ሳይሆን በሳምንቱ መጣና ሳጥኗን አስተካከላት አሉ። ሰውዬው ግን ጥያቄ ምልክቱን ወዶታል፤ ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ ራሱ እንዳገኘው አድርጎ ያስተምራል። አንድ ዓርብ በዚያ ሳልፍ ለአንድ ደንበኛ «ወዳጄ፣ ነቄ ሁን፤ ሳይጠይቁ እውነት የለም» ሲል ሰማሁት። ዳንቴሉ ታጥቧል።

ቁልፉን ያገኘነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እነዚያው አራት ሰዎች መጡ፤ ያችኑ ወንበር አወጣን። እህቴ ጫማዋን ከጠዋት ጀምሮ አድርጋዋለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቆመቻቸውና ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ምድር ደረሱ፤ አሳረፏት። እግሯን አፈሩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ምን እንደምታስብ አልጠየቅኳትም፤ በቤታችን አይጠየቅም።

ቀና ብላ ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ምነው ዝም አላችሁ?» አለች። «ታቦት ሲወርድ እልል አይባልም እንዴ?»

ሰዎቹ ተያዩ። አንደኛው በወፍራም ድምፁ ሞከረውና አበላሸው፤ ሦስቱ ሳቁበት። እኔ እልል የምል ሴት አይደለሁም። ሠርግ ላይ እንኳ ብዬ አላውቅም። ያን ቀን አንድ ጊዜ አልኩ።